ላቲን ክፍል ውስጥ የሰማሁት የፍቅር ቃል

"ላቲን ልማር ነው" ብዬ ለአባቴ የነገርኩት ቀን፣ "ቁቤውን ነው? እሱንማ ከልጅነትሽ ጀምሮ ትጽፊው የለ እንዴ!" አለኝ። በእኛ አገር "ላቲን" ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ኦሮምኛ የሚጻፍበት ፊደል ነው። ፊደሉን ሳይሆን ቋንቋውን እንደሆነ፣ የጥንት ሮማውያን ይነጋገሩበት እንደነበር፣ ዛሬ ግን አፉን የሚፈታበት ሕፃን እንደሌለ ሳስረዳው፣ "ታዲያ ከማን ጋር ልታወሪበት ነው?" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ስሜ ሰናይት ነው። ይህ ነገር ሲደርስብኝ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጊንጪ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አባቴ የመንዝ ሰው ነው፤ የመንገድ ሥራ ግሬደር እየነዳ መጥቶ ጊንጪ ላይ እናቴን አገኘና ግሬደሩ ሲሄድ እሱ ቀረ። እናቴ የደንዲ ልጅ ነበረች፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተችብን። ከአባቴ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቴ ዘመዶች ጋር በኦሮምኛ እያወራሁ ነው ያደግሁት።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ በአንድ ቃል ንገሪን ብትሉኝ "እሺ" እላችኋለሁ። አስተማሪ ሁኚ ሲሉኝ እሺ። አባትሽ ብቻውን ነው፣ ከጊንጪ አትራቂ ሲሉኝ እሺ። ከፍቶኝ አይደለም፤ ደስ ብሎኝም አይደለም። ሌላ መልስ መኖሩ ትዝ አይለኝም ነበር። የዳዊት ሽማግሌዎች ሲመጡም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ዳዊት የሰፈራችን ልጅ ነው። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ይሠራል። እንከን አውጪለት ብባል ዛሬም አላገኝም፤ ሲደውል እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ አባቴ ጤና ነበር። ሽማግሌዎቹ አንዴ መጥተው፣ አባቴ "ልጄን ላማክር" ብሎ ሸኝቷቸው፣ እኔም እሺ ብዬ፣ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ለእሁድ ተቀጥረው ነበር። ነገሬ የሚጀምረው በዋዜማው ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ አምቦ።

አምቦ ላቲን የምማረው እንግሊዝኛና ኮምፒውተር በሚሰጥበት ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። የላቲን አስተማሪያችን አባ ፊሊጶስ ይባላሉ፤ የከምባታ ተወላጅ፣ በወጣትነታቸው ውጭ አገር የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ የካቶሊክ ቄስ። ተማሪዎቹ ጥቂት ነን። ሁለት የሕግ ተማሪዎች አሉ፤ አንዱ ከጎንደር፣ አንዱ ከሐዋሳ የመጡ። የመድኃኒቶችን ስም ሥር ላውቅ ብላ የገባች ጫልቱ የምትባል ፋርማሲስት አለች፤ ሳቅ የሚቀናት ሴት። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ገመቹ ነው።

ገመቹ ጎጆ የምትባል ከተማ ልጅ ነው፤ ከአምቦ በስተሰሜን ካለው ከዚያ ብርዳም ደጋ። የድንች በሽታ ተመራማሪ ነው። ለምን ላቲን እንደሚማር ሲጠየቅ፣ "የበሽታዎቹ ስም ሁሉ ላቲን ነው፤ ድንቻችንን የሚገድለውን ቢያንስ ስሙን አስተካክዬ ልጥራው" ይላል። ጣቶቹ ሁልጊዜ አፈር አፈር ይላሉ። መዝገበ ቃላት የምናየው አንድ ላይ ነው፤ እሱ ገጽ ይገልጣል፣ እኔ እፈልጋለሁ። ከሰዋስው ሌላ ያወራነው ነገር ነበር ብል እዋሻለሁ።

አባ ፊሊጶስ ከገና በኋላ፣ "ከእንግዲህ የፍቅር ግጥም ነው የምናነበው" ሲሉን ጫልቱ ጮኸች።

"አባ! እርስዎ ቄስ ነዎት እኮ!"

"ቄስ ብሆንስ ሰዋስው ይቀርልኛል እንዴ?" አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። "ሮማውያን ደህና ደህናውን ግሳቸውን የደበቁት እዚህ ውስጥ ነው። እኔ ምን ላድርግ?"

ከዚያ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወረቀት አደሉን። ግጥሙ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። አንድ ሰው በዝናብ፣ በተዘጋ በር ፊት ቆሟል። የሚወዳት ሴት ውስጥ ናት። በሩን እንደ ሰው ይለምነዋል፤ አልከፈት ሲለው መቀርቀሪያውን ይሰድበዋል፤ መልሶ ይቅርታ ይጠይቀዋል። መጀመሪያ ስናነበው ሳቅን። እየፈታነው ስንሄድ ግን፣ ቃል በቃል፣ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። በሳምንቱ ተማሪዎቼን ፈተና ስለምፈትን ቀረሁ። ቀጥሎ የመጣው ነው ያ ቅዳሜ።

"ዛሬ" አሉ አባ ፊሊጶስ፣ "እያንዳንዳችሁ በሚቀናችሁ ቋንቋ ተርጉማችሁ ታነቡልኛላችሁ። ገመቹ፣ ጀምር።"

ገመቹ ተነሳ። ኦሮምኛ አንደበቱ ላይ ያምርበታል፤ የደጋ ሰው ስለሆነ ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። "በልበለ በኒ" ብሎ ጀመረ፤ "በሩን ክፈት" ማለት ነው። እኔ ወረቀቴ ላይ በጣቴ እየተከተልኩት ነበር። በሩን ለመነ። መቀርቀሪያውን ሰደበ። ይቅርታ ጠየቀ። የእኔ ወረቀት እዚያ ላይ አለቀ።

ገመቹ ግን አላቆመም።

"አቲ" ብሎ ቀጠለ፤ "አንቺ" ማለት ነው። በሁለት ከተማ መካከል ስለምትመላለስ ሴት ተናገረ፤ የመንገዱ አቧራ ጫማዋ ላይ፣ ዝናቡ ፀጉሯ ላይ ስላለ። ስትመጣም አያታለሁ፣ ስትሄድም አያታለሁ አለ። "ቱሪ"፣ ማለትም "ቆዪ"፣ የምትለዋ ቃል ግን ጥርሴ ላይ ትቀራለች አለ።

ወረቀቴን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው።

በሁለት ከተማ መካከል የምመላለስ እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጊንጪ አምቦ። ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ክፍል የሚገኝ፣ ስመጣ የሚያየኝ እሱ ነው። መኪና እንዳያመልጠኝ ከሁሉም ቀድሜ የምወጣው፣ ስሄድም የሚያየኝ እሱ ነው። ቀና ብዬ አየሁት። አይኑ ወረቀቱ ላይ ነው። ጫልቱ ፈገግ ብላለች። ኦሮምኛ ስለምትሰማ ገብቷታል ማለት ነው አልኩ በሆዴ።

"ግሩም ነው" አሉ አባ ፊሊጶስ። የእሳቸው ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ ሁለቱ የሕግ ተማሪዎችም አይሰሙም። "ሰናይት፣ እስቲ ለእኔና ለእነዚህ ልጆች በአማርኛ መልሺልን።"

"ሁሉንም?" አልኩ።

"መጨረሻውን በተለይ።"

ተነሳሁ። "አንቺ በሁለት ከተማ መካከል የምትመላለሺ" ብዬ ጀመርኩ። "ስትመጪ አይሻለሁ… ስትሄጂ አይሻለሁ…" እዚህ ላይ ደረስኩና "ቱሪ" የሚለው ቃል ፊቴ ተደቀነ። በኦሮምኛ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ሴቷን "ቆዪ" ማለት ነበረብኝ። "ቆይ" አልኩ። ከዚያ ማስተካከል አቃተኝ። "ቆይ የምትለዋ ቃል ግን ጥርሴ ላይ ትቀራለች፤ ስትሄድ እያየሁህ" ብዬ ጨረስኩት።

ጫልቱ በሳቅ ፈረሰች። "ሴትየዋ መሀል መንገድ ላይ ወንድ ሆነች እንዴ?"

ሁሉም ሳቁ። አባ ፊሊጶስ ግን አልሳቁም። "ተዉአት" አሉ። "ላቲኑም ኦሮምኛውም እዚህ ጣጣ ውስጥ አያስገቡም። አማርኛ ግን ማን ለማን እንደሚናገር ሳትወስኚ አፍሽን አያስከፍትሽም። ማን ነው የሚናገረው ሰናይት? ሰውየው ነው ሴትየዋ?"

"አላውቅም አባ" አልኩ። እውነቴን ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ ገመቹ ዕቃውን ጥድፍ ጥድፍ እያለ ሰበሰበ። ወደ በሩ እየሄደ ዞር አለና፣ "እስከ ማክሰኞ ጎጆ ነኝ። ስልክ እዚያ ጨርሶ አይሠራም። የሚፈልገኝ ሰው የገበሬዎቹ የዘር ድንች መጋዘን ጋ ያገኘኛል" አለኝ። ለእኔ ነበር ያለው። ከዚያ መኪናው እንዳይሄድበት ሮጠ።

የሚፈልገኝ ሰው! ከአምቦ እስከ ጊንጪ ሚኒባስ ውስጥ ያን ቃል ስገለብጠው መጣሁ። ለምን ነገረኝ? ማን እንዲፈልገው ነው? ደግሞ ለምን ዛሬ፣ በእሁድ ዋዜማ? ስለ ሽማግሌዎቹ ለማንም አልተናገርኩም። ወይስ ሰምቶ ይሆን? እደውልለታለሁ እንዳልል ያን ሰሞን ስልክ በአካባቢያችን አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ደግሞ ቢሠራስ ምን ልለው? ይበልጥ ግራ የገባኝ ግን የእሱ ነገር አልነበረም። የራሴ ነገር ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያን ቀን በፊት ገመቹን አስቤው አላውቅም፤ አሁን ግን መስኮቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ከዚያ ዳዊት ትዝ ይለኝና ፈገግታዬ ይጠፋል። ከዚያ እንደገና።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ትልቁ ኦቦ ፈይሳ ናቸው፤ የአባቴ የረጅም ዘመን ወዳጅ፣ እናቴ በሞተች ጊዜ ለቀስተኛውን ቆመው ያስተናገዱ ሰው። ለዳዊት ሽማግሌ ሆነው መምጣታቸው ለአባቴ ኩራት ነበር። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ጢሙን ሲላጭ አገጩን ቆርጦታል።

ከጨዋታና ከምርቃት በኋላ አባቴ ጠራኝ። ገብቼ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ።

"ኢንተለ ኮ" አሉ ኦቦ ፈይሳ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ነገሩ ያለቀ ነው። ቀኑን ለመቁረጥ ነው የመጣነው። ግን ወግ ነውና ካንቺም አፍ እንስማ። ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ምን ይመስልሻል?"

እሺ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ሕይወቴን ሙሉ የምለው ቃል ነው፤ የትም አልሄደም፤ እዚያው ምላሴ ላይ ነበር። አልወጣም።

"ጊዜ ስጡኝ" አልኩ።

አባቴ ቀና አለ። ኦቦ ፈይሳ ፈገግታቸውን ሳይለቁ፣ "ከፋሲካ በኋላ ከቸኮለ ክረምቱ ወጥቶ ይሁን" አሉ።

"እሱን አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"አላውቅም።"

ኦቦ ፈይሳ ወደ አባቴ ተመለከቱ፤ አባቴ ወደ መሬት። ከዚያ ሽማግሌው በለሆሳስ ጠየቁኝ። "ሌላ ሰው አለ?"

"አለ መሰለኝ" አልኩ።

"'መሰለኝ' ምን ማለት ነው ልጄ? ሰው ወይ አለ፣ ወይ የለም።"

ምን ልበላቸው? አንድ ሰው ላቲን ክፍል ውስጥ በኦሮምኛ የተናገረውን፣ ወረቀቴ ላይ ስላጣሁት፣ ለእኔ ነው ብዬ አስባለሁ ልበል? ኦቦ ፈይሳ ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ተነሱ። እስከ ደጅ የሸኛቸው አባቴ ነው። ሲመለስ ኮቱን አውልቆ ሰቀለው፣ ከዚያ መልሶ ለበሰውና ወጣ።

ሰኞ ማለዳ፣ የሴሚስተር እረፍት ስለነበር፣ ለአባቴ "ጎጆ ደርሼ ልምጣ" አልኩት። ደረጃው ላይ ጫማውን እየጠረገ ነበር። ቀና ሳይል፣ "መንገዱ ክፉ ነው፤ ከፊት ተቀመጪ" አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጎጆ የሚወጣውን ቅጥቅጥ ያዝኩ። እውነትም መንገዱ ክፉ ነው፤ ድንጋዩ ከወንበር ወንበር ያነጥራል። ከፍ ባልን ቁጥር ብርዱ ይበረታል። በየጉድባው በጎች፣ ታጭዶ ያለቀ የገብስ ማሳ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሴትዮ፣ "ዘመድ ጥየቃ ነው?" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው። "ማን ይባላል?" ሲሉኝ ስሙን ለመጥራት አፈርኩ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ስለማመድ ነበር የመጣሁት። ቅዳሜ ሰምቼሃለሁ ልበል? እኔም ልበል? "እኔም" ምን? እወድሃለሁ ለማለት እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለት ቀን የሆነው ፍቅር ምን ተብሎ ይነገራል? መጋዘኑ የት እንደሆነ ጠይቄ ስደርስ፣ ካዘጋጀሁት ሁሉ አንድ ቃል አልቀረልኝም።

ገመቹ በጥቂት ገበሬዎች መካከል ቁጢጥ ብሎ ድንች በቢላዋ እየከፈለ ውስጡን ያሳያቸዋል። "ይሄ ቡናማ ቀለበት ካለው ለዘር አይሆንም፤ ማሳውን ይበክላል" ይላል። ቀና ሲል አየኝ። ቢላዋው በእጁ እንዳለ ተነሳ።

"ሰናይት! ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ላናግርህ ነው።"

አጠገቡ ካለች ሻይ ቤት ወሰደኝ። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አስመጣ። ልብላው አልቻልኩም። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ፣ "ቅዳሜ ያነበብከው" አልኩ። "መጨረሻ ላይ የጨመርከው።"

"የቱን ጨመርኩ?"

"በሁለት ከተማ መካከል የምትመላለሰዋ። ስትመጣም አያታለሁ፣ ስትሄድም አያታለሁ ያልከው።"

ፊቱ ላይ የማየው ግራ መጋባት ብቻ ነው። "እሱንማ አልጨመርኩም። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ያለ ነው እኮ። አባ ባለፈው ሳምንት የሰጡን…" ቆም አለ። "ለካ አንቺ ቀርተሽ ነበር።"

ከቦርሳው የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ። ጠርዙ ላይ የድንች አፈር አለበት። እዚያ ነበር። በአባ ፊሊጶስ ፎቶ ኮፒ፣ በላቲን፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት እንደተጻፈው። ለወራት የተማርኩት ትምህርት ያን ጊዜ ሠራልኝ፤ መንገድ የሚለውን ቃል "ቪያ"ን አገኘሁት፣ ዝናቡን አገኘሁት፣ ስትመጪ ስትሄጂ የሚሉትን ግሶች አገኘኋቸው። ያቺ ሴት የምትመላለሰው በጊንጪና በአምቦ መካከል አልነበረም። ጫልቱ ፈገግ ያለችው፣ አባ ፊሊጶስ "ግሩም ነው" ያሉት፣ ግጥሙን ስለሚያውቁት ነበር። ከክፍሉ ሁሉ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም ከሁሉ አብልጬ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። የቱ እንደሆነ እንኳ ለመለየት አልቻልኩም።

ገመቹ ሞኝ አይደለም። ወረቀቱን ደጋግሜ ሳነበው ገባው። ጆሮው እስኪቀላ አፈረ።

"ሰናይት… አንቺ ምን መስሎሽ ነው ጎጆ ድረስ የመጣሽው?"

መልሼ ጠየቅኩት፤ ሌላ የምይዘው ነገር ስላልነበረኝ። "ስትተረጉመው ማንን እያሰብክ ነበር?"

አሰበ። ሊዋሸኝ አልፈለገም። "ማንንም" አለ። "ግሱ አስቸግሮኝ ነበር።"

ሳቄ መጣ። ስስቅ እንባዬ ወረደ። የሻይ ቤቷ ባለቤት መጥታ ሚጥሚጣው መስሏት ውሃ አስቀመጠችልኝ። ገመቹ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት ድንቹን ይልጥልኛል። አንድ ልጦ ሁለተኛውን ይጀምራል።

"እስከ ማክሰኞ ድረስ እዚህ ነኝ ያልከኝስ?" አልኩት።

"እኔ ሮጬ ስወጣ አባ ቢጠይቁ እንድትነግሪልኝ ነው። የቤት ሥራዬን አልሰጠኋቸውም ነበር።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ሰናይት፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?"

"ምንም አላደረግክም።"

"ወንድምሽ ልሁን ማለትም ያሳፍራል አሁን" አለ። "ግን እኔ… ቢሾፍቱ ያለች ልጅ አለችኝ። ነግሬሽ አላውቅም፤ ጠይቀሽኝም አታውቂም።"

እውነት ነው፤ ጠይቄው አላውቅም። መኪናው ድረስ ሸኘኝና ለአባቴ ብሎ አንድ ፌስታል ድንች ሰጠኝ።

የመልሱን መንገድ ምን ብዬ ልንገራችሁ? አፍሬ ነበር፤ ማፈሬን ግን ሌላ ነገር ያቋርጠው ነበር። ለእኔ ያልተባለ ቃል ሰምቼ፣ የለመድኩትን እሺታ ነፍጌ፣ አባቴን በወዳጆቹ ፊት አዋርጄ፣ መጨረሻው አንድ ፌስታል ድንች። ግን ደግሞ ተመልሼ የሠርጉን ቀን ልቁረጥ ብዬ ሳስብ፣ እሺ የምትለዋ ቃል አሁንም አልወጣ ትለኛለች። ምክንያቱ ጠፍቶ እንቢታው ቀረ። ምክንያት የሌለው እንቢታ የማን ነው?

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፌስታሉን አየ፣ እኔን አየ። "ከፊት ተቀመጥሽ?"

"አዎ።"

"ሰውየውን አገኘሽው?"

ነገርኩት። ወረቀቱን፣ ኦሮምኛውን፣ ሁለተኛውን ገጽ። አባቴ ሳያቋርጠኝ ሰማ። በመሀል አንድ ጊዜ ብቻ፣ "በሩ መጨረሻ ላይ ተከፈተለት?" ብሎ ጠየቀኝ። ግጥሙ ከዚያ በፊት እንደሚያልቅ ስነግረው፣ "ወደ ቤቱ መግባት ነበረበት፤ በዝናብ!" አለ።

"እንግዲህ ሰው የለም ማለት ነው" አለኝ።

"የለም አባዬ።"

"ለማን ብለሽ ነው ታዲያ ኦቦ ፈይሳን እንደዚያ አድርገሽ የሸኘሽው?"

"አላውቅም። ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ከፈለግክ… ከፈለግክ እሺ እላለሁ።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። "ትናንት ሌላ ሰው አለ ስትይ፣ ልለምንሽ አስቤ ነበር። ሰውየውን ተይው፣ ዳዊት ይሻልሻል ልልሽ። ሌላ ሰው ቢኖር ያሳተሽ እሱ ነው ይባላል።" ድንቹን ከፌስታሉ እያወጣ መሬት ላይ ደረደረው። "ሰው ከሌለ ግን እንቢ ያልሽው ራስሽ ነሽ። በዚህ ላይ እኔ ምን እገባለሁ?"

በማግስቱ ኦቦ ፈይሳ ዘንድ የሄደው እሱ ነው። እኔ አብሬ ልሂድ ስለው፣ "ይሄ የአባት ሥራ ነው" አለኝ። ሽማግሌው ተቀብለውታል፤ ግን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቤታችን አልመጡም። እሁድ እሁድ አብረው የሚጫወቱት ሁለት ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ብቻ ሰላም የሚባባሉ ሆኑ። የእኔ እንቢታ ዋጋውን ያስከፈለው አባቴን ነው፤ አንድም ቀን ግን አንስቶብኝ አያውቅም።

ስልክ ሲከፈት ለዳዊት እኔው ደወልኩ። "ሰው አለ አሉኝ" አለ። "የለም" አልኩት። "ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?" አለኝ። ምንም እንዳላጠፋ ነገርኩት። "ምንም ካላጠፋሁ ይህ አይገባኝም" አለና፣ ትንሽ ቆይቶ፣ "ጋሼ ደህና ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያለቀስኩት በዚህች ጥያቄ ነው። ዛሬ አግብቷል፤ ልጆችም አሉት። ስንገናኝ ከልቡ ነው ሰላም የሚለኝ፤ እኔም እንደዚያው።

ከሁሉም በላይ ድፍረት የጠየቀኝ ቅዳሜ ላቲን ክፍል መመለስ ነበር። ገመቹ ቀድሞኝ ደርሶ መዝገበ ቃላቱን በመካከላችን አስቀምጦ አገኘሁት። ሁለተኛውን ወረቀት ለእኔ ፎቶ ኮፒ አስደርጎልኛል። ያን ቀን ያወራነው ሰዋስው ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ስለዚያች የቢሾፍቱ ልጅ ጠየቅኩት። ስሟን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ። እውነተኛው ድምፅ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ጓደኛሞች ነን።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ከዚህ ታሪክ ምን ልበላችሁ? "ልባችሁን ስሙ" እንዳልላችሁ እኔ የሰማሁት ስህተት ነበር። "አትስሙ" እንዳልል ደግሞ፣ ያን ስህተት ባልሰማ ኖሮ ዛሬም እሺ እያልኩ እኖር ነበር። ገመቹን ወድጄው ነበር? አንዳንድ ቀን አዎ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የወደድኩት አንድ ሰው "ቆዪ" እንዲለኝ መፈለጌን ነው እላለሁ። የዳዊት ሚስት ብሆን ደስተኛ እሆን ነበር? ሊሆን ይችላል። ይህንን የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።

አሁን አምቦ ነው የምኖረው፤ ማስተማሩን አልተውኩም። አባቴም አብሮኝ ነው፤ ሰው ጋ ስሄድ ከፊት ተቀመጪ ማለቱን አልተወም። እኔ እንደሆነ ዛሬም ግራ ይገባኛል፤ ድሮ ከሚገባኝ ይልቅ አሁን ይብሳል። ልዩነቱ፣ ድሮ ግራ ሲገባኝ እሺ ብዬ እቀመጥ ነበር። አሁን ተነስቼ እሄድና ሰውየውን ራሱን እጠይቃለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ያሳፍረኛል። ማፈሩን ለምጄዋለሁ።